ዱቄት የነካው ገመድ

ጥቅምት 8 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣ ባሉበት፤

ይህን ደብዳቤ ቆመው እንዳያነቡ አደራዬ የጠበቀ ነው። ወንበር ካለ ይቀመጡ፣ ከሌለ ግድግዳ ይደገፉ። አጠገብዎ ሰው ካለ ውሃ ይዞ ይቁም።

የምጽፍልዎት በከባድ ሐዘን ነው። ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ እያየች፣ ሕዝብ እያየ፣ ከዳቦ ቤታችን የወጡ ስምንት ሰዎች በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ቅጽበት ወደቁ። አንድም የተረፈ የለም። ከወደቁት መካከል አንዷ የእህትዎ ልጅ ናት። ገና በአፍላ ዕድሜዋ፣ ገና ስምንተኛ ክፍልን በወጉ ሳትጨርስ!

እህትዎ መርዶውን ስትሰማ ምን አለች መሰለዎት? «ቀሚስሽን ማን ሊያጥበው ነው?»

እንግዲህ ውሃውን ይጠጡት፣ አጎቴ። ደህና ነን። የወደቅነው በገመድ ጉተታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሠፈሩ መሥሪያ ቤቶች ውድድር አላቸው። ስምንት ሰው ወዲህ፣ ስምንት ሰው ወዲያ፣ ገመዱ መሐል ላይ ቀይ ጨርቅ። ጨርቁን አራት እርምጃ ወደ ራሱ ያመጣ ዙሩን ይወስዳል፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ ግጥሚያውን ያሸንፋል። የዳቦ ቤታችን ባለቤት እትዬ ወፍራም አዲስ ገመድ ገዝተውልን ስማችንን አስመዘገቡ። ከኛ በላይ ማን ይኮራል! ተሸካሚያችንን ምሰሶን አያውቁትም እንጂ የዱቄት ጆንያ እንደ ትራስ ነው የሚያነሣው። እሱን ገመዱ ጅራት ላይ አቆምነው። እኔ ደግሞ ፊት ቆምኩ፤ ቀላል ስለሆንኩ ብጠፋም አልጎዳም ብለው ነው።

የገጠሙን ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ፣ ከክራቸው የሚቀጥኑ ሰዎች! አዘንንላቸው። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ ሲከት ዋና ጋጋሪው «እጅ!» ብለው ጮሁ። እኛም የለመድነውን አደረግን። ምን መሰለዎት? ዋና ጋጋሪው በሣህን ዱቄት ይዘው መጥተው ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪ ሥራ ሲጀምር እጁን ዱቄት ሳይነካ ምን ይነካል? ስምንታችንም ተራ በተራ ነክረን፣ አጨብጭበን፣ ገመዱን ያዝን።

ሊጥ እጃችን ላይ እንዳይጣበቅ ነው ዱቄት የምንነካው። ገመዱም አልተጣበቀም።

ሰፊዎቹ አንዴ ሳቡ፤ ገመዱ ከስምንታችን መዳፍ ሾልኮ ሄደ፤ እኛ በቂጣችን ቁጭ፤ በላያችን ነጭ ደመና ተነሣ። ለሁለተኛው ዙር ብልህ ሆነን እጃችንን በሽርጣችን ጠረግን። ሽርጣችን ላይ ምን እንዳለ ይገምቱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እኛ ያን የሚያህል ገመድ ይዘን ልብስ ሰፊ ማሰር አቃተን።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የከፋው። ሁሉም ጣቱን ምሰሶ ላይ ቀሰረ። «ጅራት ላይ ያለው ሰው ከለቀቀ ምን ተስፋ አለን?» ተባለ። ልክ ያን ጊዜ እኔ ሳቅኩ። መቼስ ያውቁኛል፤ ሳቅ ሲመጣብኝ በር አልዘጋም። ምሰሶ በሱ የሳቅኩ መሰለውና «እሷ ባለችበት ገመድ አልይዝም» ብሎ ሄደ። ያለ እሱ ቡድን የለም፤ ከእሱ ጋር እኔ የለሁም።

እትዬ ደግሞ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ገና ሁለት ግጥሚያ አለን። በሁለቱ ውስጥ አንድ ዙር እንኳ ካላሸነፍን ገመዱን በዳቦ ቢላዋ ቆራርጠው የጆንያ ማሰሪያ ያደርጉታል፤ ለሚመጣው ዓመትም አያስመዘግቡንም። እስቲ ይቁረጡት ልል ነበር። ግን አጎቴ፣ ትምህርት ቤት ካቆምኩ ወዲህ «አንቺን ቆጥረን ስምንት ነን» ያለኝ ይህ ገመድ ብቻ ነው።

ስለዚህ እባክዎ መሬት የሚቧጥጥ ጫማ ስምንት ጥንድ ይላኩልን። የምሰሶን ሲገዙ ሻጩ «ይህ ጫማ ነው ወይስ ጀልባ?» ካለዎት ጀልባውን ይውሰዱት።

ቁንጫዎ

•

ኅዳር 2 ቀን

ለእህቴ ልጅ ለቁንጫ፤

ሰላምታዬ ከደጃችሁ ገብቶ እስከ ጓዳችሁ ይድረስ። ፈጣሪ ጤናውን ይስጥሽ፤ ከጤናው ጋር ጥቂት ቁም ነገር ይመርቅልሽ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ደረጃ ላይ ነው። «ስምንት ሰዎች ወደቁ» የሚለው ላይ ስደርስ የታቀፍኩት ንጹሕ አንሶላ ከላይ እስከ ታች ደረጃው ላይ ተበተነ። አንሶላ ለምን እንደታቀፍኩ አትጠይቂኝ። የሆቴል ኃላፊ የማያየው ነገር የለም። እስከ «ውሃውን ይጠጡት» ድረስ ምን እንደሆንኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንቺ ልጅ፣ እንኳን ያንቺ መርዶ ያንቺ ሰላምታም ልብ ያቆማል። እናትሽ ገና በእቅፏ ሳለሽ «ይህቺ ልጅ ሰው ታሳብዳለች» ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም።

ጫማ አልልክም። በዱቄት የተሸነፈን ሰው ጫማ አያድነውም።

ምክሬን ከፈለግሽ ተዪው። ሰው ዕድሜ ልኩን የሚያጠራቅመውን ክብር በአንድ እሑድ ሜዳ ላይ ማፍሰስ ምን ይባላል? ሰው በማያውቀው ነገር ብቻውን ቢሸነፍ ብቻውን ያፍራል፤ በቡድን ሲሸነፍ ግን የሚያየው ዓይን ይበዛል፤ የሌሎቹንም ፊት ተሸክሞ ነው የሚሄደው። እኔም በሥራዬ ብዙ አይቻለሁና ነው የምነግርሽ። ገመዱ ይቆረጥ፤ ጆንያም ማሰሪያ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ሁሉም ጣቱን የቀሰረበት ያ ምሰሶ የምትሉት ሰው አሁን ምሳውን የሚበላው ከማን ጋር ነው?

ለእናትሽ እጅ ንሺልኝ። እግሯን ያማት ነበር፤ ተሻላት? አንቺ የምትጽፊው ስለ ገመድ ብቻ ነው።

አጎትሽ

•

ኅዳር 24 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለሆቴሉ ኃላፊ፣ ለአንሶላ በታኙ፤

ጤናዎ እንደ ምድጃ የሞቀ፣ እንቅልፍዎ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ይሁንልኝ። የእናቴ እግር ተሽሏታል፤ ሲሻላት ግን ለእኔ አልጠቀመኝም፤ አሁን ሮጣ ትደርስብኛለች።

ምሰሶ ምሳውን ከማን ጋር እንደሚበላ ጠየቁኝ። ይገርማል፤ ከጻፍኩልዎት ሁሉ ይህን መምረጥዎ። ብቻውን ነበር የሚበላው፤ ከኋላ፣ ጆንያ ተደርድሮ ካለበት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ነበር ያልኩት አሁን ስላልሆነ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት።

ከሽንፈቱ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ዳቦ ቤቱ የተኮረፈበት ቤት ሆነ። ሊጥ የምታቦካዋ ከሚቆርጠው፣ የሚቆርጠው ከሚጋግረው አይነጋገርም። ዳቦው ራሱ አኩርፎ መነሣት እምቢ አለ። በመጨረሻ ዋና ጋጋሪው ስምንታችንንም ጆንያ ላይ አስቀምጠው ሕግ አወጡ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም የራሱን ጥፋት በራሱ አፍ ይናገራል። የሌላውን ጥፋት ያነሣ ምድጃ ይጠርጋል።» የኛን ምድጃ አመድ አያውቁትም፤ ገብተው ሲወጡ የገዛ እናትዎ አይለዩዎትም።

መጀመሪያ የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። «የኔ ጥፋት ዱቄት ይዤ መምጣቴ ነው። ግን ይህቺ ልጅ...» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ግን» ላይ መጥረጊያውን አቀበልናቸው። ሕግ አውጪው ሲጠርግ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ሁለተኛ የጠረግኩት እኔ ነኝ። «ጥፋቱ የሰፊዎቹ ነው፤ ማን አሸንፉ አላቸው?» አልኩ። የሌላ ቡድን ሰውም እንደ ሌላ ሰው ይቆጠራል ተባለ። ያን ሰሞን ምድጃችን የሙሽራ ቤት መሰለ። እትዬ ገልጠው አይተው «ምን ተገኘ? ማን ሊመጣ ነው?» አሉ።

ምሰሶ ተራው ሲደርስ ከጆንያው ተነሣ። ሰውዬው ሲነሣ ቤቱ ይጠባል። ከዚያ «ገመዱ ገና እጄ ውስጥ ነበር» አለ። «ሰባታችሁም ስትወድቁ አየሁ። ብቻዬን ይዤ መቆም አፈርኩና ለቀቅኩ።»

እኔ ቀጠልኩ፤ አጎቴ፣ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። «የኔ ጥፋት መሳቄ ነው» አልኩ። «ሲደነግጥ የሚያለቅስ ሰው አለ፤ እኔ ስደነግጥ እስቃለሁ። በራሴ ነው የሳቅኩት።»

ምሰሶ አየኝ። «ታዲያ ይህን ያን ዕለት አትናገሪም ነበር?»

«እየሳቅኩ እንዴት ልናገር?»

በማግስቱ የምሳ ዕቃውን ይዞ ሊጥ ከምንቆርጥበት ገበታ ጥግ መጥቶ ተቀመጠ። ጥግ ልበለው እንጂ ግማሹን ያዘው። ገመዱንም አብሮኝ ያዘ።

አሁን ሁለተኛውን ግጥሚያ ልንገርዎት፤ የገጠሙን ጎማ ጠጋኞች ናቸው። እጃችንን በሳሙና ታጥበን፣ ሽርጣችንን ቤት ትተን፣ ዱቄት ያየ ሰው እንዳይጠጋን ብለን ሄድን። እና ተሸነፍን። ሁለቱንም ዙር! ግን አጎቴ፣ ሽንፈት ከሽንፈት ይለያል። ሰፊዎቹ ሳያነጥሱ ነው የጣሉን፤ ጎማ ጠጋኞቹ ግን ላባቸውን ጠርገዋል። አንደኛው ሲጨርስ ሜዳው ላይ ተጋድሞ ቀረ፤ ለደስታ መስሎን ነበር፤ ለካ መነሣት አቅቶት ነው።

በምን ተሸነፍን? ዋና ጋጋሪው ከዳር ቆመው «ሳብ!» ይላሉ። እኔ ፊት ስለሆንኩ ሰምቼ እስባለሁ፤ መሐል ያሉት «ምን አሉ?» ይባባላሉ፤ ምሰሶ ጅራት ላይ ሆኖ ሁላችንም ከጨረስን በኋላ ለብቻው ይስባል። ስምንት ሰው ስምንት ገመድ የያዘ ይመስል ነበር።

ተመልሰን ጆንያው ላይ ተቀመጥን። ስምንታችንም የራሳችንን ተናገርን፤ የጠረገ የለም። ያን ጊዜ ሊጥ አቡኪያችን አንድ ነገር አለች። እሷ ቃል የምታወጣው በዓመት አንዴ ነው፤ የዚህ ዓመቱን ለእኛ አዋለችው። «ሊጥ ስንቆርጥ እጃችን እኩል ይወርዳል» አለች። «ማንም ‹አሁን› ሳይለን። ለምንድን ነው?»

ሁሉም አሰበ፤ አሰበና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለካ እኔ ስለምለፈልፍ ነው! ገበታው ላይ ቆሜ አንዱን ስሰድብ፣ አንዷን ስተርብ፣ ቢላዋው ሁሉ በኔ አፍ ይወጣል ይወርዳል። ዋና ጋጋሪው ራሳቸውን እያከኩ «አፍሽ እስከ ዛሬ ሥራ ፈቶ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ተቀጥሯል» አሉ። እንዲህ ሆኜ «ሳብ» ባይ ተሾምኩ። የቤተሰባችን ሁለተኛ ኃላፊ ነኝ።

ጫማውን ተዉት። በጫማ አይደለም የተሸነፍነው። ይልቅ እናቴ ሌላ ነገር ትለምንዎታለች፤ ከቢሮ ጠረጴዛዎ ኋላ ተቀምጠው የተነሡት ፎቶ። ለጎረቤቶች ልታሳይ ነው። ጠረጴዛው ትልቅ ከሆነ ሙሉው ይታይ ብላለች።

ቁንጫዎ

•

ታኅሣሥ 20 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደብዳቤዬ ጠፋ ወይስ ጠረጴዛው ትልቅ ሆኖ ፎቶ ውስጥ አልገባ አለ?

እናቴ ለፎቶው ምስማር መትታለች፤ በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታየው ግድግዳ ላይ። ምስማሩ ባዶውን ቆሟል። ትናንት መሐረቧን ሰቀለችበት፤ ለጊዜው ነው አለች። እኔ ምንም አልጠየቅኩም። እርስዎንም አልጠይቅዎትም። ደህና መሆንዎን ብቻ አንድ መስመር ይጻፉ፤ ሁለት ከሆነ ሁለተኛው ስድብ ሊሆን ይችላል፤ ሰድበውኝ ስለማያውቁ ናፍቆኛል።

የመጨረሻው ግጥሚያ ጥር 10 ቀን ነው። የሚገጥሙን ጡብ ሠሪዎች ናቸው። ተሸንፈው አያውቁም። መዳፋቸው ራሱ ጡብ ነው። እትዬ «እኔም መጥቼ አያለሁ» ብለዋል፤ ለምን እንደሚመጡ እናውቃለን።

ቁንጫዎ

•

ጥር 1 ቀን

ለቁንጫ፣ ለልጄ፤

ሰላም ለቤታችሁ፤ ሰላም ለዚያ ምስማርም።

ሰድበውኝ አያውቁም ያልሽው ውሸት ነው። ባለጌ ብዬሽ አውቃለሁ። አሁንም እልሻለሁ።

ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ጠረጴዛ ስለሌለኝ ነው። ቢሮም የለኝም። ስመጣ ኃላፊ እሆናለሁ ብዬ ነበር፤ ለእናትሽም ሆንኩ ብዬ ጻፍኩላት፤ ከዚያ ቃሉ እንደ ጃኬት ሆኖ ቀረ፤ ሰፋኝም ጠበበኝም ማውለቅ አቃተኝ። የምሠራው አልጋ ማንጠፍ ነው። ጠዋት ጠዋት እንግዳ የለቀቀውን ክፍል ገብተን አሮጌውን አንሶላ አንሥተን አዲሱን እንዘረጋለን። እነሆ።

ምሰሶ ምሳውን ከማን ጋር እንደሚበላ የጠየቅኩሽ ለምን እንደሆነ አሁን ሳይገባሽ አይቀርም። እዚህም ውድድር አለ። በከተማው ያሉ አራት ሆቴሎች፣ ከየሆቴሉ አራት ሰው፤ አልጋ በፍጥነት አንጥፎ፣ አንሶላውን ያለ አንዲት ሽብሽብ ወጥሮ መውጣት። አትሳቂ። ደንግጠሽ ከሆነ ሳቂ። አራታችን የአንሶላውን አራት ጥግ ያዝን። እኔ ከሁሉም ጉልበተኛ ነኝና ባለኝ ጉልበት ሁሉ ሳብኩ። አንሶላው መሐል ለመሐል ተቀደደ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አራተኛ ወጣን፤ አምስተኛ ሆቴል ቢኖር አምስተኛ እንወጣ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «በቡድኑ የለሁበትም» ብዬ ምሳዬን አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ስበላ ከረምኩ። ማንም ጣቱን አልቀሰረብኝም። እኔ ራሴ ነኝ የቀሰርኩት፤ የራስ ጣት ደግሞ ረጅም ነው።

የምድጃውን ሕግ የጻፍሽልኝን ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ ከክፍሉ ወጥቼ ለቡድኔ ሰዎች ነገርኳቸው። አመድ የለንም፤ ግን የአሳንሰር መስታወት አለን፤ ሰው ሁሉ ጣቱን እያሳረፈበት የሚሄድ። የሌላውን ጥፋት ያነሣ መስታወት ይወለውላል ተባባልን። መጀመሪያ የወለወልኩት እኔ ነኝ፤ «አንሶላው አሮጌ ነበር» ብዬ። አንሶላም ሰው ነው ብለው ፈረዱብኝ። ከሁላችን የምትበልጠዋ ሴትዮ «የኔ ጥፋት አንሶላ እንደማይጎተት፣ ሌላው ጥግ እስኪደርስ እንደሚጠበቅ አለመንገሬ ነው» አለች። ለካ ሁሉም የሚያውቀው መስሏቸው እንጂ ንቀውኝ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ተወዳደርን። ሦስተኛ ወጣን። ከአራት ሦስተኛ! ለማን እንደምነግር አጥቼ ላንቺ ጻፍኩ።

ፎቶው ይኸው። ከአልጋው ኋላ የቆምነው አራታችን ነን። ደብዳቤውን ለእናትሽ አንብቢላት፤ ወይም አታንብቢላት። ላንቺ ትቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ላንቺ መተው ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ።

ገመዱ ይቆረጥ ያልኩትን ደምስሺው። ጡብ ሠሪዎቹን ስትገጥሙ «ሳብ» የምትይበትን ጥሪ ጻፊልኝ። ያዟቸው!

አጎትሽ፣ አልጋ አንጣፊው

•

ጥር 15 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለከተማው ሦስተኛ፤

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት። አንድም ቃል አልዘለልኩም፤ «ባለጌ» የሚለውን ብቻ «ጨዋ» ብዬ አነበብኩት። ስጨርስ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ አቅርባ፣ አርቃ አየችው። ኃላፊ አለመሆንዎን የምታነሣ መስሎኝ ነበር።

«የገዛ ብርድ ልብሱን አጥፎ የማያውቅ ልጅ!» አለች። «እኔ ነበርኩ የማጥፍለት! አሁን የሰው ሁሉ አልጋ እሱ ያነጥፋል?» ከዚያ መሐረቧን ከምስማሩ አውርዳ ፎቶውን ሰቀለችው። ጎረቤት ሲመጣ «ወንድሜ ነው፤ አንሶላውን እዩልኝ፣ እንደ ከበሮ የተወጠረ!» ትላለች። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ «የግራው ጥግ ትንሽ ላላ ብሏል በይው» ብላኛለች። በግራ የቆሙት እርስዎ ነዎት። እኔ ምንም አላልኩም።

አሁን ቁጭ ይበሉ። ጡብ ሠሪዎቹ።

እትዬ መጡ። ቦርሳቸውን ታቅፈው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ከቦርሳው አፍ የዳቦው ቢላዋ እጀታ ብቅ ብሏል። ምሰሶ አየው፤ እኔም አየሁት፤ ተያየን።

የመጀመሪያውን ዙር ወሰዱት። እንደ ቅጠል ነው የጠረጉን። ተነሥተን አቧራችንን ስናራግፍ መሐል ያለው፣ ዳቦ በመኪና የሚያደርሰው ነጂያችን «ግን እኮ...» ብሎ ሲጀምር ሰባታችን በአንድ አፍ «ምድጃ!» ብለን ጮህንበት፤ እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ጡብ ሠሪዎቹ ያበድን መሰላቸው። አለቃቸው «እነዚህ ሰዎች ምን በልተው ነው የመጡት?» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ለሁለተኛው ዙር ገመዱን ያዝን። ፊሽካው ተነፋ። አፌን ከፈትኩ፤

«ዱቄት ናቸው ብለው — ሳብ!
ንቀው ነበር እኛን — ሳብ!
ቦክተን ተነሥተን — ሳብ!
ይኸው ይቅመሱን — ሳብ!»

አጎቴ፣ እንዴት ልንገርዎት? «ሳብ» ስል ከኋላዬ ሰባት ሰው ሳይሆን አንድ ትልቅ ሰው ነበር። ገመዱ ውስጥ ይሰማኛል፤ ሊጥ አቡኪያችን ስትተነፍስ ይሰማኛል። ጨርቁ አንድ እርምጃ መጣ። ሁለት መጣ። ጡብ ሠሪዎቹ መሳቅ አቆሙ። ሦስተኛው ላይ ምሰሶ ተንሸራተተ።

በጉልበቱ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁት። ገመዱ ወደ ፊት ነጠቀን፤ ጨርቁ ወደነሱ ተመለሰ። ያ የፈረደበት ሳቅ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ እኔ ደግሞ «ሳብ» አልኩት። ሳቁን ነው «ሳብ» ያልኩት። ሰባታችን ተረከዛችንን መሬት ውስጥ ቀበርን፤ ማንም ወደ ኋላ ዞሮ አላየም፤ ማንም አለቀቀም። ምሰሶው ወደቀ፤ ቤቱ ግን ቆመ። አንድ ስንኝ፣ ሁለት ስንኝ ጠራሁ፤ በሦስተኛው ከኋላ ያ የለመድኩት ክብደት ተመልሶ መጣ። ተነሥቷል! ጉልበቱ ደም በደም ሆኖ ተነሥቷል! ከዚያ በኋላ እርምጃ አልቆጠርኩም፤ የዳኛው እጅ ወደ እኛ ሲወድቅ ነው ያወቅኩት።

ሜዳው ሲጮህ እናቴን አየኋት። ያ የታመመ እግር ወንበር ላይ ቆሞ ነበር።

ሦስተኛውን ዙር ተሸነፍን። መዳፍ አልቆብን ነበር። ስምንታችንም ወደቅን፤ ነገር ግን ገመዱን የለቀቀ አልነበረም። በደረታችን ተጎተትን፤ ሜዳውን ጠረግንላቸው። ቀድሞ የሳቀው ምሰሶ ነው። ጡብ ሠሪዎቹ መጥተው አንድ በአንድ አነሡን፤ አለቃቸው ወደ እኔ ቁልቁል አይቶ «ይህን ሁሉ ድምፅ ያወጣሽው አንቺ ነሽ? የቀረው አካልሽ የት ነው?» አለኝ።

ያን ጊዜ እትዬ መጡ። ቢላዋውን ከቦርሳቸው አወጡ። ምሰሶ ገመዱን ጠቅልሎ ከጀርባው ደበቀው፤ ከእሱ ጀርባ ኋላ ቤትም ይደበቃል። እትዬ ከቦርሳው ውስጥ ጠዋት የጋገርነውን ትልቅ ዳቦ አወጡና ለአሥራ ስድስት ይቆርሱ ጀመር።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አሉ። «ሰው ሲርበው ገመድ አይበላም።»

ዋና ጋጋሪው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ገመዱ...» አሉ።

«በየዓመቱ አዲስ አልገዛም። ደረቅ ቦታ ስቀሉት።»

ሰኞ ጠዋት ምድጃውን ገልጠው «ይህ ምን ቆሻሻ ነው?» ብለው ጮሁ። ዋና ጋጋሪው «የሚወቅስ ሰው ጠፋ፣ እትዬ» አሉ። በመጨረሻ እኔና ምሰሶ ያለ ፍርድ ገብተን ጠረግነው። እሱ በሩ ላይ ተወትፎ ቀረና ያወጣሁት በመጎተት ነው። አሁን ጉተታ እናውቃለን።

አጎቴ፣ እውነቱን ከተናገርን ዓለም አልተገለበጠም። ሦስት ግጥሚያ ገጥመን ሦስቱንም ተሸንፈናል። ከሰባት ዙር ያገኘነው አንድ ነው። ማክሰኞ ዳቦ ሊገዛ ከመጣው ሰው ሁሉ ስለ ገመዱ የጠየቀ አንድም የለም፤ አንዲት ሴትዮ ብቻ «ዛሬ ዳቦው ሞቋል» አለች። ያን ሁሉ ያስጻፈኝ፣ እርስዎን ደረጃ ላይ አንሶላ ያስበተነዎት ነገር ሲጠቃለል ይኸው ነው፤ ስምንት ሰው አንድ ገመድ ይዞ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ቁንጫዎ፣ ከስምንቱ አንደኛዋ